«አልታገደም» ካላችሁኝ፣ ማን ፈቀደው?

መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሠራ ቶሎ ቶሎ የምሰማው መከራከሪያ አለ። «ይሄ ነገር መጥፎ ቢሆን መንግሥት ያግደው ነበር» ይሉኛል። ወይም ደግሞ «ታግዶ ቢሆን በቴሌቪዥን እንሰማ ነበር» ይላሉ። ልክ ነው፣ ሲታገድ ይነገራል። የሆነ ዘይት ወይም የሆነ ሽሮፕ ከገበያ ይሰብሰብ ሲባል ማታ በዜና ይነበባል፣ ጠዋት ፎቶው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ለሁለት ሦስት ቀን ሰው ሁሉ የገዛውን ዕቃ እያገላበጠ ጀርባውን ያነባል። ከዚያ ይረሳል። መርሳቱ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰው ከዜናው ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። ስሙ ያልተጠራው ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ነው የሚሄደው።

እንደዚያ አይደለም። አገራችን ውስጥ መድኃኒት ለመሸጥ መጀመሪያ መመዝገብ አለበት። አምራቹ ወይም አስመጪው ጥራቱን፣ ደኅንነቱንና ፈዋሽነቱን የሚያሳይ ሰነድ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያቀርባል፣ ሰነዱ ይታያል፣ ከዚያ ይፈቀዳል። አሁን የምንተዳደርበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያን፣ የውበት መጠበቂያንና ትምባሆን አንድ ላይ የያዘ ነው። በዚህ ሕግ ያልተመዘገበ መድኃኒት ማንም በስሙ ጠርቶ ባያግደውም መሸጥ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣውን፣ ስምም ቀንም የሌለውን ኪኒን የታገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከመጀመሪያው ሕጋዊ ሆኖ አያውቅማ። የታገዱት ዝርዝር ምንጊዜም ከሚጎዱት ዝርዝር ያጥራል።

ወደ ከተማችን ልምጣ። ጎንደር ላይ ጥር ከባድ ወር ነው። ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይደራረባል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ድግሱን መጨረስ ይፈልጋል። ገና ከኅዳር ጀምሮ «የሚያወፍር» ጠያቂው ይበዛል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ሙሽራም አለች፣ ሚዜም አለች፣ አሁን አሁን ወንዶችም እየመጡ ነው። ንግግሩ ሁሌ ይመሳሰላል።

«እህቴ፣ የሚያወፍር ኪኒን አለ?»

«ለማን ነው የኔ ቆንጆ?»

«ለራሴ። ጓደኛዬ ወስዳ በጣም አምሮባታል።»

«ስሙን ነግራሻለች?»

«ዴክሳ ነው ያለችኝ። ከሌላ ኪኒን ጋር ነው የሚወሰደው አለች።»

ዴክሳ የሚሉት ዴክሳሜታዞንን ነው። ሁለተኛው ኪኒን ብዙ ጊዜ ሳይፕሮሄፕታዲን ይሆናል፤ ለአለርጂ የተሠራ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍትና እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥሽም ስላት አትከራከረኝም። አመስግና ትወጣለች። ከዚያ የሆነ ቦታ ታገኘዋለች፣ ሳጥን የሌለው፣ መግለጫ የሌለው፣ በቁጥር ተቆርጦ የሚሸጥ።

እስቲ ይሄ ኪኒን ምን እንደሚሠራ ላስረዳ፣ ምክንያቱም «ይጎዳል» ብቻ ብሎ ማለፍ ማንንም አያሳምንም። ሰውነታችን ራሱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ዴክሳሜታዞን እሱን ይመስላል፣ ጉልበቱ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሰውነት መቆጣትን ያበርዳል። ለከባድ አለርጂ፣ ለአንጎል እብጠት፣ ያለ ጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት (የጽንሱ ሳንባ ቶሎ እንዲበስል) ይሰጣል። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት መተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነው፤ ድሃ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ መድኃኒት ማጣት አይታሰብም። (ከአዋጁ ቁጥር በቀር እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያወፍረው ግን ሥጋ ጨምሮ አይደለም። ፊት ይሞላና ክብ ይሆናል፣ ሆድና የአንገት ጀርባ ላይ ስብ ይከማቻል፣ ውኃ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በዚያው ጊዜ የእጅና የእግር ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል። ከውጭ ያማረ የሚመስለው ሰውነት ውስጡ ሌላ ነው፤ ስኳር ይወጣል፣ ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይወርዳል፣ ተደብቆ የቆየ ቲቢ ሊነሣ ይችላል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች ደግሞ ሆርሞኑ ከውጭ እየመጣላቸው ስለሆነ ሥራቸውን ይተዋሉ። ልጅቷ ሠርጉ አልፎ ኪኒኑን በአንድ ጊዜ ስታቆም ዕጢዎቹ ወዲያው አይነሡም። ድካም፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ ይመጣል። በዚያ መሐል ከባድ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና ከገጠማት ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል።

«ታዲያ ዴክሳ ለምን አይታገድም?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እንዲታገድ አልፈልግም። ከላይ የዘረዘርኳቸው ሕሙማን የት ይሂዱ? የምፈልገው በር ላይ የሚቆም ሰው እንዲኖር ነው። ማን ይወስደዋል፣ ለምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለውን የሚጠይቅ። ማዘዣ ወረቀት ማለት ይሄው ነው፤ ብዙ ሰው መድኃኒት ቤቱ ሊያንገላታው የፈጠረው ቢሮክራሲ ይመስለዋል።

ፈቃድና እገዳ ምን ያህል እንደሚለያዩ የገባኝ ከአንዲት ሴት ታሪክ ነው። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የሚባል የኢንፌክሽን መድኃኒት ነበር። በኪኒን መልክ ደኅና ይሠራል። አንድ ድርጅት ለልጆችም እንዲመች በፈሳሽ ላዘጋጀው አለና ዱቄቱን የሚያሟሟ ነገር ሲፈልግ ዳይኢቲሊን ግላይኮልን አገኘ። ጣፋጭ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ኩላሊትን ግን ያበላሻል። ማንም እንስሳ ላይ እንኳ ሳይሞክረው ገበያ ገባ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ መሐላቸው ሕፃናትም ነበሩ። በጊዜው የነበረው ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይታይ አይልም ነበር። መንግሥት ሽሮፑን መሰብሰብ የቻለው «ኤሊክሲር» (አልኮል ያለበት ፈሳሽ መድኃኒት ማለት ነው) ብለው ሰይመውት አልኮል ስላልነበረበት፣ የስም ማሳሳት ነው በሚል ሰበብ ነው። ያን ያህል ሰው ሞቶ ሕጉ የያዛቸው በስያሜ ነበር። በዓመቱ በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ከእንግዲህ ሻጩ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱን ያሳይ ተባለ።

ያን ጊዜ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረች ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል ወጣት የዚያን ሽሮፕ መርዝ በእንስሳት ሙከራ ካጣሩት ሰዎች ጋር ሠርታለች። በ1960 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቀጠራት። ከመጀመሪያ ሥራዎቿ አንዱ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ማመልከቻ ማየት ነበር። መድኃኒቱ ጀርመን ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ይሸጣል፣ በብዙ አገር ይታወቃል፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱታል። ያስቸግራል ብሎ የጠረጠረ ብዙም አልነበረም። ኬልሲ ግን ያቀረባችሁት ማስረጃ አይበቃኝም አለች። ኩባንያው ወተወተ፣ ደወለ፣ ለአለቆቿ አቤት አለ፤ እሷ ተጨማሪ አምጡ እያለች ያዘችው። በ1961 መጨረሻ ጉዱ ወጣ። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ተወልደው ነበር። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒቱ ገበያ ስላልገባ አገሪቱ ከዚያ መዓት በአብዛኛው ተረፈች። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለሟት፣ በዚያው ዓመት ሕጉ ጠበቀና መድኃኒቱ እንደሚሠራም ማሳየት ግዴታ ሆነ።

አያችሁ፣ ኬልሲ ምንም አላገደችም። አልፈቀደችም እንጂ። ያን ሁሉ ልጅ ያዳነው ይሄ ነው። አውሮፓ ላይ ከገበያ የተሰበሰበው ሕፃናቱ ከተጎዱ በኋላ ነው።

ታሊዶማይድ ደግሞ ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚመጣባቸውን ከባድ የቆዳ ቁስለት እንደሚያሽል ታወቀና በ1998 አሜሪካ ራሷ ለዚያ ፈቀደችው፣ በ2006 ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ጨመረችለት። ጥብቅ ቁጥጥር አለው፤ መውለድ የምትችል ሴት የእርግዝና ምርመራ ሳታደርግ አታገኘውም። ለዴክሳም የምመኘው እንዲህ ያለ በር ነው፣ ልክ ይሄን ያህል የጠበቀ ባይሆንም።

አሁን ወደ ጂም ልጆች። እነሱ ጋ ያለው ችግር ትንሽ ይለያል። ዱቄቱ፣ «ስብ የሚያቃጥለው»፣ «ከስፖርት በፊት የሚጠጣው» ሁሉ ሳፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ) ነው የሚባለው፤ «ከአሜሪካ ነው የመጣው» ሲባል ደግሞ ሰው ይረጋጋል። ከአሜሪካ መምጣቱ ግን አንድ ሰው አይቶ ፈቅዶታል ማለት አይደለም። በ1994 እዚያ የወጣ ሕግ ሳፕሊመንት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ይፈቀድ አይልም። የሚሸጠው ይሸጣል፤ ይጎዳል የሚል ማስረጃ ማምጣት የመንግሥት ሥራ ነው። በ1938 ሻጩ ላይ የጫኑትን ሸክም ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ መልሰው መንግሥት ላይ አደረጉት።

ውጤቱ ኤፌድራ ላይ ታየ። ቻይናዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ተክል ነው፤ ኩባንያዎች ከካፌይን ጋር ቀላቅለው ለክብደት መቀነሻ ሸጡት። ልብን ያስደልቃል፣ ግፊት ያወጣል። የልብ ድካምና የአንጎል ደም መፍሰስ ሪፖርቶች ለዓመታት ሲከማቹ ቆዩ። በየካቲት 2003 የባልቲሞር ኦርዮልስ ቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር ልምምድ ላይ ወድቆ ሞተ፣ 23 ዓመቱ ነበር፣ ኤፌድራ ያለበት ሳፕሊመንት ይወስድ ነበር። እገዳው የመጣው በ2004 ነው። እሱም ፍርድ ቤት ተከሶ፣ ዩታ ላይ ተሸንፎ፣ በ2006 በይግባኝ ነው የጸናው። በዚያ መሐል ሻጮቹ ወደ ሌላ ተክልና ወደ ሌላ ቅመም ዞረዋል። እገዳ በስም ነው የሚወጣው፣ ነጋዴ ደግሞ ስም ለመቀየር አንድ ሳምንት አይፈጅበትም። ስለዚህ የጂም ልጆች «ይሄ ታግዷል እንዴ?» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ አገር ማን አስመዘገበው? የአስመጪው ስም ዕቃው ላይ አለ? ከሌለ እኔ ዘንድ ንግግሩ አልቋል።

ለእናቶች የምጽፈው ደግሞ ይሄ ነው፣ ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

በ2022 ክረምት ጋምቢያ ውስጥ ሐኪሞች ሕፃናት ሽንታቸው እየቆመ፣ ኩላሊታቸው እየደከመ ሲመጡባቸው አዩ። ያስመልሳቸዋል፣ ሽንት የለም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታሉ። ልጆቹ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ጠጥተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መስከረም መጨረሻ ላይ (ኦክቶበር 5 ማለት ነው) ከሕንድ የመጡ አራት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ውስጣቸው የተገኘው ያው በ1937 የገደለው ዳይኢቲሊን ግላይኮልና የሱ ወንድም ኢቲሊን ግላይኮል ነው። ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ሞቱ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ከ200 የማያንሱ ልጆችን ቀበረች፤ መንግሥቷ በጥቅምት የሽሮፕ መድኃኒት ሽያጭን በሙሉ ለጊዜው አስቆመ። ኡዝቤኪስታንም ደረሳት። በ2025 ሕንድ ራሷ ውስጥ በሳል ሽሮፕ እንደገና ሕፃናት ሞቱ። ከ1937 እስካሁን ያለው ጊዜ ስንት ትውልድ ነው? መርዙ ያው፣ አገባቡም ያው።

አገባቡን ማወቅ ጥሩ ነው። ሽሮፕ ለመሥራት ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ያስፈልጋል። ለመድኃኒት የሚሆነው ንጹሑ ውድ ነው፣ ለፋብሪካ የሚሆነው ርካሽ፤ ርካሹ ውስጥ ግን ያ መርዝ ሊኖር ይችላል። መሐል ላይ ያለ ነጋዴ ርካሹን በውዱ ስም ይሸጣል፣ ወይም በርሜል ላይ ያለውን ወረቀት ይለውጣል፤ ሽሮፕ የሚያመርተው ደግሞ እያንዳንዱን በርሜል ሳይመረምር ይጨምራል። ንጹሑም መርዙም ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በዓይን አይለይም፣ በምላስ አይለይም፤ እኔም መድኃኒት ቤት ቆሜ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ባነሣው አልለየውም። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ጋምቢያ ያን ጊዜ መድኃኒት የምትመረምርበት የራሷ ላቦራቶሪ አልነበራትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለልጇ ሽሮፕ ካልተሰጣት ሐኪሙ ያላከማት የሚመስላት እናት ስትመጣ ምን እላታለሁ? «እትዬ፣ ይሄ ጉንፋን ነው፣ ሽሮፑ ባያገኘውም ይሻለዋል» ነው የምላት። ይሄ የማስደሰት ንግግር አይደለም፣ ለተራ ጉንፋን ሳል ሽሮፕ ለሕፃን የሚጠቅመው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ማር ጉሮሮውን ያለሰልሰዋል፤ ማር ደግሞ እዚህ አገር አለን፣ ከሚታመን ሰው ይገዛ እንጂ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም፣ እሱም ሌላ አደገኛ በሽታ ያመጣል። በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ መጥባት ያቃተው ልጅ ከሆነ ደግሞ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሮጠው።

ምግብ ላይ የሚጨመሩት ነገሮች ሌላ ዓለም ናቸው፣ እዚያ እገዳው ራሱ ግራ ያጋባል። ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ማቅለሚያ ውሰዱ። በወንድ አይጦች ላይ የታይሮይድ ካንሰር አምጥቷል ተብሎ አሜሪካ በ1990 ሊፕስቲክን ከመሰለ የውበት መጠበቂያ አገደችው። ከከረሜላና ከኬክ ግን እስከ ጥር 2025 አላገደችውም፣ አምራቾችም እስከ 2027 መጀመሪያ ጊዜ ተሰጣቸው። 35 ዓመት ሙሉ ከንፈር ላይ መቀባቱ የተከለከለ ነገር ልጆች ይበሉት ነበር። ዳቦ ላይ የሚጨመረው ፖታሲየም ብሮሜትም እንደዚያው ነው። ሊጡን ያጠነክራል፣ ዳቦው ከፍ ብሎ ነጭ ይሆናል። እንግሊዝ በ1990፣ ካናዳ በ1994፣ ሕንድ በ2016 አገዱት፤ አሜሪካ በአገር ደረጃ ሳታግደው ካሊፎርኒያ በ2023 የራሷን ሕግ አወጣች። ያው ኬሚካል ነው፣ ያው ሰው ነው፣ ድንበር ስትሻገሩ ብቻ ይፈቀዳል ወይም ይከለከላል። ስለዚህ «እንትን አገር ይበሉታል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ዳቦ ቤት ስትሄዱ ሊጡ ውስጥ የሚጨምሩት ማሻሻያ ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ከረጢቱን አሳዩኝ በሉ። ደንበኛ ሲጠይቅ ዳቦ ጋጋሪም ይጠይቃል።

ስለ ፊት የሚያቀላ ክሬም በአጭሩ፤ ሜርኩሪ ያለበት አለ፣ ሃይድሮኪኖን ያለበት አለ፣ ጠንካራ ስቴሮይድ (የዴክሳ ዓይነት መድኃኒት) ያለበት አለ። ሜርኩሪው ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል፣ የሚታቀፍ ሕፃንም በእናቱ ቆዳ በኩል ይነካዋል። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ የገባበት ውበት መጠበቂያ እንዳይመረት፣ እንዳይሸጥ ይላል። ክሬሙ ግን ይሸጣል። ሻጩ ስሙን መናገር ከፈራ አትግዙ።

እገዳ ጨርሶ የማይሠራበት ቦታም አለ፣ እሱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ ጓያ ይዘራል። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ነገር አለ፤ ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርገው እግሩን ያሽመደምደዋል። ጓያ የሰበረው ሰው በሁለት ዱላ ተደግፎ ሲሄድ ያላየ የአካባቢያችን ሰው ጥቂት ነው። ሕንድ በ1961 የጓያን ሽያጭ አግዳ ነበር። ገበሬው መዝራቱን አልተወም፣ ምክንያቱም ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ይሞታል፣ ጓያ ይተርፋል። የተራበን ሰው የመጨረሻ እህሉን አትብላ ብለህ በአዋጅ አታቆመውም። እዚያ የሚያድነው ሌላ ነው፤ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት፣ ጓያውን ቆሎ፣ ንፍሮና እሸት አድርጎ አለማብዛት (በወጥ መልክ ጉዳቱ እንደሚያንስ እዚሁ አገራችን የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል)፣ መርዙ ያነሰበት ዘር ማግኘት፣ በድርቅ ጊዜ ሌላ እህል ቶሎ መድረስ። ይሄን የምለው ሁሉንም በክልከላ እንፍታው የሚለውን ሐሳብ ስለማልቀበል ነው።

በደንብ የሠራ ክልከላም አይተናል። ያው አዋጅ 1112 የቢራና የሌላ መጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ እንዲወጣ አደረገ፣ እኛም የዳሽን ቢራ ከተማ ሰዎች ሆነን ባንድ ጊዜ ሲጠፋ አየን። የሠራው በሩ ጠባብ ስለነበር ነው፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ይታያሉ፣ አንዱ ቢጥስ ማታውኑ ይታወቃል። ኪኒን እንደዚያ አይደለም። በኪስ ይገባል፣ በመተማ መንገድም በአዲስ አበባ መንገድም ይመጣል፣ አንድ ሻንጣ ውስጥ ለአንድ ወረዳ የሚበቃ ይያዛል።

እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ሽሮፕ ይሰብሰብ ሲባል ስሙ ብቻ ሳይሆን የባች ቁጥሩ (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው) በስልክ መልእክት ለያንዳንዱ መድኃኒት ቤትና ጤና ጣቢያ በዚያው ቀን ይድረስ። ገጠር ላለው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ይነገር፣ በአማርኛ፣ የጠርሙሱን ቀለምና ሥዕል እያሳየ። የሚፈትሽ ሰው ሱቅና ጉሊት ድረስ ይውረድ። ለዚህች ከተማ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ኮሌጁ በ1954 እዚህ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ደምቢያ ላይ ሕዝብ የፈጀው ወባ ነበር፤ የጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ባንድ ቡድን እየሠለጠኑ ወደ ወረዳ ይወጡ ነበር። የሳኒታሪያኑ ሥራ ውኃውን፣ ገበያውን፣ ምግቡን ማየት ነው። ያ ሥራ አሁንም ያስፈልገናል፣ ላስቲክ ውስጥ ያለውን ኪኒን ጨምሮ።

እናንተ ደግሞ ዛሬውኑ ማድረግ የምትችሉት አለ። መድኃኒት ስትገዙ በሳጥኑ ውሰዱ፤ የአምራቹ ስም፣ ባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን መኖሩን እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። የተመዘገቡት መድኃኒቶች ዝርዝር የባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ስልክ የያዘ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ይፈልግላችሁ። የምትጠረጥሩት ነገር ካለ 8482 ነጻ መስመር ነው፣ ደውሉ። ልጅ ሽሮፕ ጠጥቶ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ጠርሙሱን ሳትጥሉ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ዴክሳ እየወሰድሽ ያለሽ እህቴ ካለሽ፣ ይሄን አንብበሽ ዛሬ ማታ በድንገት እንዳታቆሚው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ከወሰድሽ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ስንት ኪኒን በቀን እንደምትወስጂና መቼ እንደጀመርሽ ጽፈሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ስኳርሽንና ግፊትሽን ያይልሻል፣ እንዴት እንደምትቀንሺ ይነግርሻል። የቀረውን ኪኒን በላስቲኩ ይዘሽው ሂጂ።